የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሱቅ ዕዳ እያለብኝ ለቤተክርስቲያን 50 ሺህ ብር ቃል ገባሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከርመዋል። ምጽፍልዎ ከጅማ ነው፣ ስሜ ይቅር። 38 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ የመንግስት ሰራተኛ ነኝ፣ በቤተክርስቲያናችን በሽምግልና ከተመረጥኩ ደሞ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ጉዳዬ እንዲህ ነው። የቤተክርስቲያናችን ጣሪያ ያፈሳል፣ የጅማን ዝናብ መቼም ያውቁታል፣ እና ለእድሳት የገቢ ማሰባሰቢያ ፕሮግራም ተደርጎ መጀመሪያ መሪዎች ወጥተው ቃል ይግቡ፣ ህዝቡ ከነሱ ያያል ተባለ። ከኔ በፊት የወጣው ወንድም 40 ሺህ ሲል እኔ 50 ሺህ አልኩ፣ ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ከዛን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሂርማታ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ጋር 18,400 ብር የዱቤ ዕዳ አለብኝ፣ አምና ሶፋና ቁምሳጥን ለሰራልኝ አናጢ 27 ሺህ ቀርቶብኛል፣ ከመስሪያ ቤት ጓደኛዬም 15 ሺህ ወስጃለሁ። ሐጂ አንድ ቀን እንኳ ክፈል ብለውኝ አያውቁም፣ እኔ ግን ፊታቸውን ላለማየት እሁድ እሁድ በሌላ መንገድ በባጃጅ ዞሬ ነው ቤተክርስቲያን ምሄደው። ባለቤቴ ካኮረፈችኝ ቆየች፣ «በሰው ብር ነው እንዴ ስለት» ነው ምትለኝ። አሁን አንድ የማውቀው ሰው በወር 10 ፐርሰንት ወለድ 100 ሺህ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነው፣ ከሱ ወስጄ ሁሉንም ዘግቼ አንድ ለሱ ብቻ ቀስ እያልኩ ብከፍልስ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ጎማ ወረዳ ቡና አለው፣ ከዛ ድርሻዬ ህዳር ታህሳስ ላይ ትንሽ ብር ያመጣል። የእግዚአብሔር ነው ሚቀድመው የሰው? ብድሩን ልውሰድ? ከሽምግልናውስ ልውረድ? እስካሁን ዝም ያልኩት መሪ ስለሆንኩ ሰው እንዳይሰናከል ብዬ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ እና ከብድሩ ልጀምር ምክንያቱም እሱ ነው ዛሬውኑ መቆም ያለበት። እንዳትወስድ። ሰውየውን ደውለህ አመሰግናለሁ ግን አልፈልግም በለው፣ በቃ። በወር 10 ፐርሰንት ማለት በ100 ሺህ ላይ በየወሩ 10 ሺህ ብር ነው፣ ዓመት ሲሞላ 120 ሺህ ብር ወለድ ከፍለህ ዋናው 100 ሺህ ንቅንቅ ሳይል እዛው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ደሞዝህን አልነገርከኝም ግን የመንግስት ሰራተኛ ደሞዝ ይሄን እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበዳድር በጽሁፍ ተስማምተው እንኳ ወለዱ በዓመት ከ12 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ነው ሚለው፣ ያንተ 120 ነው። ይሄ አራጣ ነው፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስጠይቃል። ብዙ ጊዜ ደሞ ውሉ ላይ ወለድ የምትል ቃል አትገባም፣ 100 ተቀብለህ 200 ተበደርኩ ብለህ ነው ሚያስፈርሙህ፣ ከዛ በኋላ ፍርድ ቤት ብትሄድ ወረቀቱ የሚመሰክረው በአንተ ላይ ነው። ሰውየው አማኝ ይሁን አይሁን አልጻፍክልኝም፣ አማኝ ከሆነ ዘሌዋውያን 25ን ያንብብ፣ የደኸየ ወንድም ላይ አራጣና ትርፍ አትውሰድ ነው ሚለው።

አሁን ወደ ዋናው። የእግዚአብሔር ይቅደም የሰው ብለህ ጠይቀኸኛል። ጥያቄውን እንዲህ ስታስቀምጠው የሐጂ ብር የእግዚአብሔር ጉዳይ ያልሆነ ይመስላል፣ እኔ ደሞ እዚህ ላይ ነው ከልቤ ምቃወምህ። ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ ብሎ በሮሜ 13 የጻፈው ያው ስለ መስጠት የጻፈው ጳውሎስ ነው። መዝሙር 37 ላይም የኃጢአተኛ መታወቂያው ተበድሮ አለመክፈሉ ነው ተብሏል፣ ልብ በል መበደሩ አይደለም። ጌታም በማርቆስ 7 ላይ ፈሪሳውያንን ከገሰጸበት ነገር አንዱ ይሄ ነው፣ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ብር «ቁርባን ነው» ብለው ለእግዚአብሔር አደረግነው እያሉ የቤተሰብን ሸክም ይሸሹ ነበር። እልል የተባለበት 50 ሺህ ላይ የሐጂ 18 ሺህ አለበት፣ የአናጢው 27 አለበት፣ ባለቤትህ ያለችህ ይሄንኑ ነው እና ኩርፊያዋ እውነት አለው፣ ዛሬ ማታ አውቄያለሁ በላት።

ግን ቃል ገብተሃል። መክብብ 5 ተስሎ ከሚቀር አለመሳል ይሻላል ይላል፣ ይሄን ፈርተህ እንቅልፍ ማጣትህን አልንቀውም። እኔ ሰው ሲጠቅሰው ብዙም ያልሰማሁት ዘሌዋውያን 27 ቁጥር 8 ግን አለልህ፦ የተሳለው ሰው ግምቱን መክፈል ካቃተው ካህኑ ፊት ይቁም፣ ካህኑም እንደ አቅሙ መልሶ ይገምትለት ይላል። ሕጉ ራሱ አቅም ላነሰው ስለተኛ በር ትቶለታል ማለት ነው፣ በሩ ግን ካህኑ ፊት ቆሞ መናገር ነው እንጂ መጥፋት አይደለም። ስለዚህ ለሽማግሌዎች ጉባኤ እንዲህ በል፣ ቃል የገባሁት ካቅሜ በላይ ነው፣ 60 ሺህ ብር ያህል የሰው ዕዳ አለብኝ፣ እሱን ከፍዬ ስጨርስ ይሄን ያህል እሰጣለሁ፣ እስከዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሪያው ላይ በጉልበቴ እሰራለሁ። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይም ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ነው እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም ተብሏል።

(እግረ መንገዴን ይሄን አምድ ለምታነቡ የቤተክርስቲያን መሪዎች፣ እባካችሁ ይሄን ሰው አስወጥቶ በማይክ ስንት ትላለህ እያሉ ማፎካከሩን ተዉት። ከፊቱ 40 የተባለበት ሰው 5 ሺህ ማለት እንዴት ይችላል፣ ይሉኝታ ገንዘብ ያስገባ ይሆናል ግን ቤት ያፈርሳል። ወረቀት አድሉ፣ ሰው ቤቱ ሄዶ ከሚስቱ ከባሏ ጋር ተመካክሮ ይጻፍ።)

ከጉባኤው በፊት ግን ሐጂ ጋር ነው ምትሄደው። መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን የማቴዎስ 5 ቃል አንተም ሳታስተምርበት አትቀርም። ሐጂ ጠይቀውህ አያውቁም፣ ያ ማለት ግን ብሩ አልጎዳቸውም ማለት አይደለም። እሳቸውም እኮ ዘይቱንና ስኳሩን ከጅምላ ነጋዴ ነው ሚያመጡት፣ ያንተ ብር ደብተር ላይ ተኝቶ ሳለ እሳቸው ዕቃ ሚያስገቡት ከሌላ ኪስ ነው። ወለድ ደሞ በእምነታቸው ሐራም ስለሆነ አንዲት ሳንቲም አልጨመሩብህም፣ ዋጋ ግን ጨምሯል፣ አምና በዱቤ የወሰድከውን ዘይት ዘንድሮ በዛው ብር መልሰው መደርደሪያቸው ላይ ማስቀመጥ አይችሉም። አንተ የዘገየህበትን ኪሳራ ዝም ብለው የተሸከሙልህ እሳቸው ናቸው፣ አንተ ደሞ በባጃጅ ትዞራቸዋለህ።

የጅማ ሱቆች የዱቤ ደብተር አይተህ ታውቃለህ? ያው የተማሪ ደብተር ነው፣ ጠርዙ በዘይት እጅ የጠቆረ፣ መሀሉ ላይ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት። የሰው ሙሉ ስም ብዙም አይጻፍበትም፣ የመምህሩ ሚስት፣ ባለ ባጃጁ፣ የአልማዝ እናት፣ እንዲህ ነው፣ የተከፈለው በአንድ ሰረዝ ይሰረዛል፣ ያልተከፈለው ገጽ ሲሞላ ድምሩ ወደሚቀጥለው ገጽ አናት ይዞራል። አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ባለቤቱ ሲያገላብጥ አንዱ ገጽ አናት ላይ «ጴንጤው» ተብሎ ተጽፎ አየሁ፣ ስሩ አንድም ሰረዝ የለም። ሰውየው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ባለሱቁም ክፋት አስቦ አልጻፈውም፣ ሰውየውን ሚያውቀው በዛ ስም ስለሆነ ነው። ያ ገጽ ግን እስከዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 የቤተክርስቲያን መሪ በውጭ ካሉት ዘንድ መልካም ምስክር ይኑረው ሲል ጅማ ላይ ሲተረጎም ሐጂ ማለት ናቸው፣ ስለ አንተ መጠየቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው፣ እሁድ እልል ያለው ህዝብ አይደለም።

ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ። 3 ሺህም 4 ሺህም ይሁን ይዘህ፣ ሱቁ ጭር ሲል፣ «ሐጂ ስለሸሸሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዕዳዬን አልረሳሁም፣ ዛሬ ይሄን ይቀበሉኝ፣ ከደሞዜ በየወሩ ይሄን ያህል አመጣለሁ፣ ቀሪውን ቡና ሲሸጥ» በላቸው። እዛው ፊትህ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። አላህ ያግዝህ ብለው ቡና ሊያስፈሉልህም ይችላሉ፣ እኔ ጅማን ምወድበት አንዱ ምክንያት እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ስላሉባት ነው፣ ግን ተቆጥተው ቢናገሩህም መብታቸው ነው፣ ዝም ብለህ ስማ። ከዛ በኋላ ዱቤ የለም፣ ሸቀጥህን ግን በካሽ እዛው እሳቸው ጋር ግዛ። ዕዳ ያለበት ሰው ሱቅ ይቀይራል፣ በካሽ ሚገዛበት ሌላ ጋር በዱቤ የወሰደበት ሌላ ጋር ይሆናል፣ ባለዱቤው ደሞ ፌስታሉን ይዞ ሲያልፍ ያየዋል። ይሄ ከዕዳው በላይ ነው ሚያቆስለው።

የቡናው ብር ሲመጣ ግን መጀመሪያ ለአናጢው እንዲሄድ እመክርሃለሁ፣ መጠኑ ስለበዛ አይደለም። የሱ የላብ ዋጋ ነው። ጣውላውን በራሱ ብር ገዝቶ፣ አብረውት ለሰሩት ልጆች ከፍሎ፣ አንተ ሶፋው ላይ ተቀምጠህበታል። ዘዳግም 24 የድሃ ሰራተኛ ደሞዝ ጸሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል፣ ያዕቆብም የተከለከለው ደሞዝ ራሱ ይጮሃል ብሏል። የመስሪያ ቤት ጓደኛህ ደሞዝተኛ ነው፣ እውነቱን ብትነግረው ትንሽ ይታገስሃል ብዬ አስባለሁ። እና አንድ ነገር አደራ፣ ቡናውን ዛፍ ላይ እያለ ክረምት ላይ ለነጋዴ እንዳትሸጠው፣ ሐምሌና ነሐሴ ኪስ ሲራቆት ስንቱ ገበሬ በዛ መንገድ በርካሽ አስረክቦ ህዳር ላይ የራሱን ቡና ለሌላ ሰው ሲለቅም ይውላል።

ህዳር እስኪደርስ ዝም ብለህ አትጠብቅ። በ2ኛ ነገሥት 4 አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት የመጣ መበለት ኤልሳዕ ጋር ስትጮህ፣ ነቢዩ ምን ላድርግልሽ ካላት በኋላ ወዲያው የጠየቃት «በቤትሽ ምን አለሽ» ብሎ ነው። ዘይቱ ከተባረከም በኋላ ትእዛዙ በቅደም ተከተል ነው፣ ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ ከዛ በተረፈው ኑሩ። ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቤት ውስጥ ምን አለ ብላችሁ እዩ፣ ሞተር ይሁን ትርፍ ስልክ ይሁን፣ ያ ሶፋ ራሱ ቢሆን፣ ሚሸጥ ይሸጥ። ልጆቻችሁ ለምን ሶፋው ወጣ ቢሉ እውነቱን ንገሯቸው፣ የሰው ብር ስለሆነ መለስን በሏቸው።

ከሽምግልናው ልውረድ ወይ ላልከው፣ ስለዚችው መበለት አንድ ነገር ልጨምርልህ። ባሏ ከነቢያት ልጆች አንዱ ነበር፣ እግዚአብሔርን ይፈራ እንደነበር ሚስቱ ለኤልሳዕ ነግራዋለች፣ የሞተው ግን ዕዳ እያለበት ነው። ስለዚህ ዕዳ ያለበት ሁሉ ለአገልግሎት አይበቃም ሚል ሰው ካለ እዚህ ታሪክ ላይ ይቆማል። አንተ ላይ እኔን ያሳሰበኝ መሸሽህና መሸፋፈንህ ነው። ሰው እንዳይሰናከል ዝም አልኩ ትላለህ፣ ማነው ያላወቀው? ሐጂ ያውቃሉ፣ አናጢው ያውቃል፣ ሚስትህ ታውቃለች፣ መስሪያ ቤት ያውቃል፣ የማያውቀው እሁድ አጠገብህ ሚቀመጠው ወንድም ብቻ ነው። ነህምያ ምዕራፍ 5ን አንብበው፣ ህዝቡ በረሃብና በንጉሥ ግብር ምክንያት እርሻውን አስይዞ፣ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቶ ሲያለቅስ ነህምያ ሹማምንቱን ሰብስቦ ተቆጣ። የተቆጣውም ከመቶ አንድ ስለሚወስዱ ነው፣ ይሄ በየወሩ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፣ አንተ ደሞ ከመቶ አሥር ልትፈርም ነበር። ግን «እናንተ» ብሎ ብቻ አላበቃም፣ እኔም ወንድሞቼም አበድረናል፣ ይሄን ወለድ እንተው ብሎ ራሱን አብሮ አስገባ። ከዛ 12 ዓመት ሙሉ አገረ ገዥ ሆኖ ለአገረ ገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፣ ከሱ በፊት የነበሩት 40 ሰቅል ብር ሳይቀር ይወስዱ ነበርና። ህዝቡ ርስቱ የተመለሰለት መሪው ራሱን ከስብከቱ ውጪ ስላላደረገ ነው።

ስለዚህ በራስህ ውሳኔ ተደብቀህ አትውረድ፣ እሱም ሌላ ሽሽት ይሆናል። ለጉባኤው ሁሉንም ከነቁጥሩ ንገራቸው፣ ዕዳህን እስክትጨርስ ከገንዘብ ኮሚቴና ስለ መስጠት ከማስተማር እንዲያሳርፉህ አንተው ጠይቅ፣ ቀሪውን እነሱ ይወስኑ፣ የወሰኑትንም ተቀበል። መሪ ምሳሌ ይሁን ሲባል አንተ የገባህ ከሁሉ በላይ ቃል መግባት ነው። እኔ ምለምንህ ምሳሌነት ሐጂ ደጅ ላይ በቀን ብርሃን ቆሞ ይቅርታ የጠየቀ ሽማግሌ እንድትሆን ነው፣ ከቤተክርስቲያናችሁ ስንቱ እንዳንተ ሱቅ ሚዞር እንዳለ ምታውቀው ያን ጊዜ ነው፣ እነሱ ራሳቸው መጥተው ይነግሩሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ አጭር ጥያቄ ነው፣ ቴሌብር ላይ እንደኪሴ ወይም መላ የሚባሉትን የስልክ ብድሮች መበደር ኃጢአት ነው እንዴ? ባለቤቴ ሁሌ ይጨቃጨቀኛል። ከቆጪ።

መልስ፦ ኃጢአት አይደለም እህቴ። ግን ምን ልገዛበት ነው፣ ከየትኛው ብርስ ነው ምመልሰው ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ስልኩን ከመንካትሽ በፊት መልስ ይኑርሽ። ለመድኃኒት ከሆነና ደሞዝ ሊገባ ከሆነ እሺ፣ ያለፈውን ብድር ለመዝጋት ከሆነ ግን ተይው፣ ጉድጓድ በጉድጓድ አይሞላም። እና ባልሽ ሳያውቅ እንዳታደርጊው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ጅማ ተማሪ ነኝ። የጸሎት ግሩፓችን መሪ ቤተሰብ ታሞብኛል ብሎ 6 ሺህ ብር ተበደረኝ፣ ቤተሰቦቼ ለወር ወጪ የላኩልኝ ነው። ሴሚስተሩ አለቀ፣ ስጠይቀው «ጌታ እጥፍ አድርጎ ይመልስልሻል» ይለኛል፣ ግሩፕ ላይ ግን ስለ ታማኝነት ፖስት ያደርጋል። መጠየቄ ኃጢአት ነው? ለሌሎቹ ልንገር?

መልስ፦ መጠየቅሽ በፍጹም ኃጢአት አይደለም። ሉቃስ 6 ላይ ምንም ተስፋ ሳታደርጉ አበድሩ የተባለው ለአበዳሪው ነው፣ ተበዳሪ አንስቶ አበዳሪው ላይ ሚጠቅሰው ጥቅስ አይደለም። ጌታ ይመልስልሻል ማለት ሚችለው ደሞ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ነው። ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ የበደለህ ወይም ያለበት ዕዳ ካለ በእኔ ላይ ቁጠረው አለና «እኔ ጳውሎስ በእጄ ጻፍሁት፣ እኔ እመልሰዋለሁ» ብሎ በገዛ እጁ አሰፈረ። የሰው ዕዳ ነው እንግዲህ፣ የራሱ እንኳ ሳይሆን።

አሁን ግሩፕ ላይ እንዳትጽፊ፣ ስክሪንሾትም ለማንም አትላኪ። በማቴዎስ 18 እንዳለው መጀመሪያ ብቻሽን አግኝተሽ አናግሪው፣ ሰው በሚያያችሁ ቦታ ይሁን፣ ካፌም ግቢም። በወር 2 ሺህም ቢሆን ቀን ቆርጦ በቴሌግራም በጽሁፍ እንዲያረጋግጥልሽ ጠይቂው። ይሄን ምልሽ በሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ተካዶ ፍርድ ቤት ቢደርስ ወይ ጽሁፍ ነው ሚያስረዳው ወይ ሰውየው እዛው ካመነ ወይ ደሞ መሐላ ነው፣ በባንክ የላክሽበት ደረሰኝ ብር መላክሽን ያሳያል እንጂ ብድር መሆኑን ላያሳይ ይችላል። እምቢ ካለ ሁለት የምታምኛቸው ታላላቆች ይዘሽ ሂጂ፣ እነሱንም ካልሰማ ግሩፑን ለሚቆጣጠሩት ተናገሪ፣ ያን ጊዜ ሐሜት አይሆንም፣ መሪነቱን የሰጡት እነሱ ናቸውና ማወቅ አለባቸው። እውነትም ቤተሰቡ ታሞ ከተቸገረ ደሞ ልተውለት ብትይ ትችያለሽ፣ ግን ተውኩልህ ብለሽ በግልጽ ንገሪው፣ ከዛ በኋላ አታንሺበት። እስከዛው ግን ለቤተሰቦችሽ ደውለሽ ብሩ የት እንደገባ ንገሪያቸው፣ ወር ሙሉ ሳትበዪ እንዳትከርሚ።